ፀሐይዋ ነፃ ናት፤ ውኃውስ? አረንጓዴ ቴክኖሎጂ የተፈጥሮ ሀብትን መቼ ይቆጥባል?

በጣና ዙሪያ የበጋ መስኖ ከሩቅ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳርቻ፣ ከፎገራ ሜዳ፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ የጓሮ ጉድጓዶች የሚነሣው የውኃ መሳቢያ ሞተር ጩኸት ከማለዳ እስከ ማምሻ ይሰማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ድምፅ የማይሰማባቸው የመስኖ ማሳዎችም መታየት ጀምረዋል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ አልደረቀም፤ የተለወጠው ሞተሩ ነው። በብረት መቆሚያ ላይ የተዘረጋው የሶላር ሰሌዳ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ውኃውን ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስና ያለ ነዳጅ ይስባል።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም የሚያከራክር አይደለም። አርሶ አደሩ ጀሪካን ይዞ ነዳጅ ፍለጋ አይንከራተትም፤ የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥርም የሚያለማውን መሬት አይቀንስም። ይሁን እንጂ ነዳጁ ተቆጠበ ማለት ውኃውም ተቆጠበ ማለት ነውን? ይኸው ጥያቄ ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለቆጣቢ አምፖልና ለኤሌክትሪክ መኪናም ይነሣል። አረንጓዴ እየተባሉ የሚጠሩት ቴክኖሎጂዎች በእርግጥ የተፈጥሮ ሀብትን አጠቃቀም ይቀንሳሉ ወይ ቢባል፣ መልሱ የሚወሰነው በምን እንደምንለካው ነው።

የሀብት አጠቃቀም ሁለት መለኪያ አለው። አንደኛው ለአንድ ሥራ የሚወጣው መጠን ነው፦ አንድ እንጀራ ለመጋገር ስንት እንጨት፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ለማምረት ስንት ሊትር ውኃ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ስንት ነዳጅ የሚለው። ሁለተኛው ጠቅላላው ፍጆታ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ከጫካው ስንት እንጨት ወጣ፣ ከጉድጓዱስ ስንት ውኃ ተሳበ የሚለው። መሣሪያውን የሚሸጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው። ጫካው የሚሳሳውም ሆነ ጉድጓዱ የሚደርቀው ግን በሁለተኛው ልክ ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄዱ እንደሚችሉ ቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ ነው። እ.ኤ.አ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ከቀደምቶቹ ያነሰ ከሰል እየፈጀ የበለጠ ሥራ ቢሠራም የአገሪቱ የከሰል ፍጆታ ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩን አመለከተ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሞተሩ አነስተኛ ከሰል የሚበላ በመሆኑ አገልግሎቱ ረከሰ፤ አገልግሎቱ ሲረክስ ቀድሞ ሞተር መጠቀም የማያዋጣቸው ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች ሁሉ ተጠቃሚ ሆኑ። እያንዳንዱ ሞተር ቆጥቧል፤ ሞተሮቹ ግን በዙ።

የዓለም አሐዝም ከዚህ የራቀ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከምድር የሚወጣው ጥሬ ሀብት እ.ኤ.አ በ1970 ከነበረበት 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ተነሥቶ ከ100 ቢሊዮን ቶን በላይ ደርሷል። በነዚያ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ አምፖሉም፣ ሞተሩም፣ ማሽኑም ያለ ማቋረጥ ቆጣቢ እየሆኑ ነበር የመጡት።

በአገራችንም የተለካ ምሳሌ አለ። ከአሥራ አምስት ዓመታት በፊት በኤሌክትሪክ መሥመሩ ላይ የሚደርሰውን ጫና ለመቀነስ 350 ሺህ ቆጣቢ አምፖሎች ለደንበኞች ያለ ክፍያ ተሰራጭተው ነበር። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ2013 ባወጡት ጥናት ፍጆታው በእርግጥ መቀነሱን አረጋግጠዋል። ሆኖም ከተገኘው ቁጠባ 20 በመቶ ያህሉ በ18 ወራት ውስጥ ተመልሶ ጠፍቷል። የመብራት ሒሳቡ የቀለለለት ቤተሰብ ብርሃኑን ረዘም ላለ ሰዓት ያበራል፤ ወይም ባተረፈው ገንዘብ ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይጠቀማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። በአንድ አምፖል ያመሽ የነበረ ቤት ሁለተኛ አምፖል ቢሰቅል፣ ልጆች በኩራዝ ጭስ ፋንታ በብርሃን ቢያጠኑ፣ ይህ ብክነት አይባልም፤ ኑሮ መሻሻሉ ነው። ደግሞም ከቁጠባው አራት አምስተኛው ገደማ ሳይጠፋ መቆየቱ ቴክኖሎጂው ከንቱ አለመሆኑን ያሳያል። ችግሩ የሚከብደው የሚቆጠበው ሀብት ውስንና የጋራ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንዱ ቆጥቦ ያስፋፋው ከሌላው ድርሻ ላይ የሚነሣ ይሆናል።

ከዚህ አንጻር ከሁሉ የተሻለ ውጤት ካሳዩት አንዱ ብዙም የማይወራለት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ከሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀት በጎንና በጎን ወደ አየር ይበተናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ‹‹ምርጥ›› ምድጃ ይህን ሙቀት አፍኖ ወደ ምጣዱ ይመልሰዋል። በባለሙያ ቁጥጥር በተደረገ ሙከራ የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ እንደሚችል ታይቷል፤ በገጠር እናቶች ማጀት ውስጥ በተደረጉ ልኬታዎች ደግሞ ቁጠባው ከዚህ ያነሰ፣ ወደ ሩብ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የእንጨቱ እርጥበት፣ የምጣዱ ስፋትና የጋጋሪዋ ልማድ ነው። እንዲያም ሆኖ ቁጠባው አይበተንም። ሰው መጋገር ስለቀለለው ሁለት እጥፍ እንጀራ አይበላምና። የሆድ ልክ ራሱ ገደብ ሆኖ ያገለግላል።

ለከተማ ነዋሪው የማገዶው ነገር ከከሰል ጋር ይያያዛል። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊ የአፈር ጉድጓድ ለማክሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ ‹‹ላቀች›› በመባል በሚታወቀው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ የሚቆጠብ እያንዳንዱ ኪሎ ከሰል የሚያድነው እንጨት በርካታ ኪሎ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ከዚያም በላይ ያድናሉ፤ መብራት ከተገኘ። መብራት በየጊዜው የሚቋረጥበት ቤት ግን ከሰሉን እርግፍ አድርጎ አይተወውም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቆያል። እዚህ ላይ የዛፉ መትረፍ የተንጠለጠለው በምጣዱ ጥራት ላይ ሳይሆን በመሥመሩ አስተማማኝነት ላይ ነው።

ባዮጋዝም የራሱ ስሌት አለው። ኩበት ሆኖ ይቃጠል የነበረው እበት በማብላያው ውስጥ አልፎ ጋዙ ለምግብ ማብሰያና ለመብራት፣ ተረፈ ምርቱ ለማሳ ማዳበሪያ ይውላል። መሬቱ ይሳጣ የነበረውን ለም ንጥረ ነገር መልሶ ያገኛል፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን እበቱ ከመጠኑ ጋር በሚመጣጠን ውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ያውም በየዕለቱ። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር የእንጨቱ ሸክም ወደ ውኃ ሸክም ይለወጣል ማለት ነው፤ ሸክሙም አብዛኛውን ጊዜ በሴቶችና በልጆች ጀርባ ላይ ነው የሚወድቀው።

ወደ ጎዳናው ስንወጣ የኤሌክትሪክ መኪናን እናገኛለን። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቁጥራቸው በከተሞች እየበዛ መጥቷል። ከሀብት አጠቃቀም አንጻር ሲታዩ የሚያሳስብ ነገር አላቸው። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2021 እንዳስታወቀው አንድ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ብረትና አሉሚኒየም ሳይቆጠሩ፣ ከነዳጅ መኪና ስድስት እጥፍ ማዕድን ይፈልጋል፦ ሊቲየም፣ ኒኬል፣ መዳብ፣ ግራፋይትና የመሳሰሉትን። ሊቲየም በቺሊ የአታካማ በረሃ ከጨዋማ የከርሰ ምድር ውኃ እየተተነነ ይወጣል፤ ከዓለም የኮባልት ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ይመጣል። ኮባልት የሌለባቸው የባትሪ ዓይነቶች መስፋፋታቸው ይህን በመጠኑ አቅልሎታል።

በሌላ ወገን ያለው ሒሳብ ደግሞ የሚከተለው ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚበላ መኪና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 1,200 ሊትር ያቃጥላል። ይህ በክብደት 9 ኩንታል ገደማ ነው፤ በአሥር ዓመት 90 ኩንታል ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ኩንታል ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ማዕድንም እንደ ቤንዚን ጢስ ሆኖ አይጠፋም፤ ሰብስቦ የሚያቀልጠው ፋብሪካ ካለ ተመልሶ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ያ ‹‹ካለ›› የሚለው ቃል ግን ቀላል አይደለም። ያረጁ የሶላርና የመኪና ባትሪዎች በየመንደሩ ተሰባብረው እርሳሳቸውና አሲዳቸው መሬት ላይ የሚፈስ ከሆነ፣ የተቆጠበው ነዳጅ በተበከለ አፈርና ውኃ ይተካል።

መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክም ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ግድቦች ስለሚመነጭ ከነዳጅ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ንጹሕ ነው። ሆኖም ጢስ ዓባይ ፏፏቴን በልጅነቱ ያየ የባሕር ዳር ነዋሪ በበጋ ወራት ያለውን ለውጥ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም ከጣና ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሲገነባ፣ በፏፏቴው ላይ ይወርድ የነበረው ውኃ አቅጣጫውን ለወጠ። ብርሃኑ ተገኝቷል፤ የተከፈለበትም ነገር አለ።

አሁን ወደ ጸጥተኛው ፓምፕ እንመለስ፤ ለአርሶ አደሩ ከሁሉ የቀረበውና ከሁሉ የተወሳሰበው ጉዳይ እርሱ ነውና።

በነዳጅ የሚሠራው የተለመደው የውኃ መሳቢያ ሞተር ማንም ያላሰበባቸው ሁለት ልጓሞች ነበሩት። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ነዳጅ ስለሚጠይቅ አርሶ አደሩ ሰብሉ የሚበቃውን እንዳገኘ ሞተሩን ያጠፋል። ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ይህ ዓይነቱ ሞተር መሬት ላይ ቆሞ ውኃውን ወደ ላይ የሚመጥ ሲሆን የመምጠጥ አቅሙ በአየር ግፊት የተወሰነ ነው። በባሕር ወለል ላይ እንኳ በተግባር ከሰባት ሜትር ብዙም አይዘልም፤ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውኃው ከዚህ በታች ሲሸሽ ሞተሩ ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ ይቆማል። (ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።)

የሶላር ፓምፕ ሁለቱንም ልጓሞች ይፈታል። አንዴ ከተገዛ በኋላ የተጨማሪው ሰዓት ዋጋ ባዶ ነው፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓምፑን ማጥፋት ለባለቤቱ የሚያስገኝለት ነገር የለም። ብዙዎቹ ደግሞ ውኃው ውስጥ ገብተው ከታች ወደ ላይ የሚገፉ ናቸውና የሚከተሉት ጥልቀት ከምጥ ሞተሩ በእጅጉ ይበልጣል።

የሚሳበው ውኃ ምን ያህል ነው? በበጋ ወራት አንድ የአትክልት ማሳ በቀን በአማካይ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ይህ በአንድ ጥማድ ወይም ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ሲሰላ 12,500 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 625 ጀሪካን ማለት ነው። በቀን አምስት ጀሪካን የሚጠቀም ቤተሰብ ቢታሰብ፣ የአንድ ጥማድ ሽንኩርት የዕለት ውኃ ለ125 ቤተሰብ ይበቃል። በቦይ ሲለቀቅ የሚባክነው ሲጨመር መጠኑ ከዚህም ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። በእጅ የተቆፈረና ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ሲይዝ ከ1,100 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ያን ሁሉ ጀሪካን የሚሞላው በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው ውኃ አይደለም። ከዙሪያው መሬት፣ ከጎረቤት ማሳ ሥር ጭምር እየሠረገ የሚመጣው ነው። ጉድጓዱ የግል ቢሆንም ውኃው የጋራ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በተዳፋት መሬት ላይ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ ያስገባው ውኃ ሳይሳብም ቢሆን በበጋው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከግርጌው ያለችውን ምንጭ በሚያዝያ የሚያቆያት እርሱ ነው። ከላይ አብዝቶ የሚስብ ሰው ውኃ የሚያጎድልበትን ሰው ላያየው ይችላል።

ይህ የፍርሃት ወሬ አለመሆኑን የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክ ያስረዳል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኘው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃ የሚስቡ ሞተሮች፣ ለሐረር ከተማ የሚቀዳው ውኃና ከተራቆተው ዙሪያ የሚገባው ደለል ተደራርበው አደረቁት። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ ታይቷል፤ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም በዚያ የነበሩት ሞተሮች ነዳጅ የሚበሉ፣ ማለትም ልጓም ያላቸው መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

በዓለም ከፍተኛውን የከርሰ ምድር ውኃ የምትጠቀመው ሕንድ እ.ኤ.አ በ2019 ሰፊ የሶላር ፓምፕ ድጎማ ስትጀምር ይኸው ሥጋት ተነሥቶባታል። በጉጃራት ግዛት ዱንዲ በተባለች መንደር የሚገኙ ጥቂት ገበሬዎች ግን ከዚያ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ በ2016፣ ለየት ያለ መንገድ ይዘው ነበር። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ፓምፖቻቸውን ከኤሌክትሪክ መሥመሩ ጋር አገናኙ፤ ውኃ በማይስቡበት ሰዓት የሚመነጨውን ኃይል ለኤሌክትሪክ አቅራቢው ድርጅት ይሸጣሉ። በዚህ አሠራር ፓምፑን ማቆም ገንዘብ ያስገኛል፤ የጠፋው ልጓም በሌላ መልክ ተመለሰ። የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰባቸው የእኛ ቀበሌዎች ይህ ገና ሩቅ ቢሆንም ሐሳቡ መታወቁ አይከፋም።

ብዙዎች ለዚህ ሁሉ መፍትሔው የጠብታ መስኖ ነው ይላሉ። የጠብታ መስኖ ውኃውን በቀጥታ ወደ ተክሉ ሥር ስለሚያደርስ በአንድ ኩንታል ምርት የሚወጣው ውኃ እንደሚቀንስ ጥርጥር የለውም። ይሁን እንጂ በቦይ የሚፈስ ውኃ ‹‹ባከነ›› ሲባል የት እንደደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፊሉ በአየር ላይ ተንኖ ጠፍቷል፤ ቀሪው ግን ወደ መሬት ሠርጎ የጎረቤትን ጉድጓድ ይመግብ፣ ወይም ወደ ወንዙ ይመለስ ነበር። አርሶ አደሩ በጠብታ መስኖ ያተረፈውን ውኃ ተጨማሪ ጥማድ ለማልማት ካዋለው፣ ለጎረቤት ይደርስ የነበረው ውኃ በእርሱ ማሳ ተንኖ ያልቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2017 ከበርካታ አገሮች አሰባስቦ ያወጣው ጥናት የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፤ ገደብ ባልተደረገበት ስፍራ ዘመናዊ መስኖ ብዙውን ጊዜ ጠቅላላውን የውኃ ፍጆታ ያሳድጋል እንጂ አይቀንስም።

ሞሮኮ እ.ኤ.አ በ2008 በጀመረችው ዕቅድ ለአነስተኛ ገበሬዎች የጠብታ መስኖን ሙሉ ወጪ እስከ መሸፈን ደርሳ ነበር። መስኖው ተስፋፋ፤ ምርቱ አደገ፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ግን መውረዱን አላቆመም፤ ብዙው ገበሬ ያተረፈውን ውኃ ይበልጥ ለሚጠጡ ተክሎች አውሎታልና። እስራኤል በአንጻሩ ዘመናዊው የጠብታ መስኖ ከመስፋፋቱ አስቀድማ፣ እ.ኤ.አ በ1959፣ ውኃውን የሕዝብ ሀብት የሚያደርግ ሕግ አውጥታ፣ በቆጣሪ እየለካች ለየእርሻው ኮታ ትመድብ ነበር። በዚያ ኮታ ውስጥ ገበሬው የቆጠበው ውኃ ብዙ ምርት ሆነለት። እዚያም ቢሆን የዮርዳኖስ ወንዝ ከመሳሳት አልዳነም፤ ኮታ ራሱ ከፍ ተደርጎ ከተሰፈረ ማዳኑ ውስን ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውኃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት እንደሚቀድም ይደነግጋል። ውኃ ለመጠቀምም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ይሁንና በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ውጭ ናቸው። አዋጁ ሲወጣ ይህ ተገቢ ነበር፤ በገመድና በባልዲ ከሚቀዳ ጉድጓድ ፈቃድ መጠየቅ ሕዝቡን ማንገላታት ይሆናል። ዛሬ ግን ያ የእጅ ጉድጓድ ቀኑን ሙሉ የሚስብ ፓምፕ ሊገባበት ይችላል። ከሕግ አውጪው ይልቅ ቴክኖሎጂው ፈጥኗል ማለት ይቻላል።

ክፍተቱን በቅርብ ሊሞላ የሚችለው የአካባቢው መተዳደሪያ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ውኃውን በራሳቸው ደንብ እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ከአዋጁ በፊትም ቢሆን በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለባቸው አካባቢዎች ተራ የሚያስጠብቅ፣ ተራ የሚያዛባውን የሚቀጣ ‹‹የውኃ አባት›› ነበረ፤ ዛሬም አለ። ችግሩ የውኃ አባት ሥልጣን የተቀረጸው ዐይን ለሚያየው የወንዝ ውኃ መሆኑ ነው። ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ሲጠልፍ ይታያል፤ ከመሬት በታች ሲጠልፍ ግን አይታይም።

የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትና በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በማለዳ፣ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ገመዱን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ውኃው ስንተኛው ቋጠሮ ላይ እንዳለ ማየትና በደብተር መመዝገብ ነው። በበጋ ውኃው መውረዱ አያስደነግጥም፤ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበው የዘንድሮው የሚያዝያ ልኬት ከአምናው፣ የአምናውም ከካቻምናው እየራቀ ከሄደ፣ ክረምቱም መልሶ ካልሞላው ነው። የአንድ ሰው ደብተር ብዙ አይናገርም፤ የአሥር ጎረቤት ደብተር በአንድ ላይ ሲታይ ግን ከመሬት በታች ያለውን ለማኅበሩ ያሳያል።

ፓምፕ ለመግዛት ላሰበ ሰውም ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። የተለመደው አቅሙ ከፍ ያለውን ፓምፕ መግዛት ነው። የሚያዋጣው ግን በመጀመሪያ ጉድጓዱ በደረቁ ወር በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያመነጭ በባልዲና በሰዓት መለካት፣ ከዚያ በልኩ መግዛት ነው። ከጉድጓዱ ምንጭ በላይ የሚስብ ፓምፕ ውኃውን ጨርሶ በባዶው ሲሽከረከር ይቃጠላል፤ ገንዘቡም ውኃውም አብረው ያልቃሉ። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ካለ ደግሞ ቀን የተሳበው ውኃ ማለዳና ማምሻ፣ ትነቱ ሲቀንስ፣ ለማሳው ይሰጣል። አፈሩን በገለባ ወይም በሣር ጉዝጓዝ መሸፈን፣ ከሁሉ በላይ ርካሽ ቢሆንም፣ ከማንም ያልተወሰደ ትርፍ ነው፤ ተንኖ ይጠፋ የነበረውን ውኃ ያስቀራልና። በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ የሚሠራው እርከንም የክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት እንዲሠርግ በማድረግ ፓምፑ የሚወስደውን በከፊል ይመልሳል።

የጋራ ደንብ ለማውጣት አመቺው ጊዜ ፓምፖቹ ገና ጥቂት ሳሉ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ይሳብ፣ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ምን ያህል ይራቅ፣ የሚያዝያ ልኬት ከየትኛው ቋጠሮ በታች ሲወርድ መስኖው ይቁም የሚሉት ጥያቄዎች ሦስት ፓምፕ ባለበት መንደር በአንድ እሑድ ስብሰባ ሊያልቁ ይችላሉ። ሠላሳ ፓምፕ ከተተከለና ሁሉም ብድሩን መክፈል ከጀመረ በኋላ ግን ሰዓት ቀንስ ሲባል እያንዳንዱ የሚያስበው ስለ ዕዳው ነው።